ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው

ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለሊድያ ኦጁሉ
ናይሮቢ

ባሮ በክረምት እንደሚሞላ የጌታ ጸጋ በቤትሽ ይሙላ፤ እንደ ባሮ ግን ዳርቻውን አያፍርስብሽ። እኔ ለስሙ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። ጡረታ ወጣች ቢባልም ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ የታመመ ሁሉ ዛሬም «ሲስተር የትናየት» እያለ በሯን ያንኳኳል። ጎረቤታችን በሪሁን ወርቅ ቆፍሬ እመጣለሁ ብሎ ዲማ ወርዶ ወባ ይዞ ተመልሷል፤ የምታስታምመው እሷው ናት።

ስለ ሹመቴ መቼም ሰምተሻል። አምና ጠመኔ ይዞ አራተኛ ክፍል ሲያስተምር የነበረው ወንድምሽ ዛሬ የቢሮ ኃላፊ ነው። ክልል ሆናችኋል ተባልን፤ ቢሮው ተሰጠን፤ ወንበሩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ማኅተሙ ከወንበሩ ቀድሞ ደረሰ። ሕዝቡ ደግሞ ከሁለቱም ቀድሞ ደረሰ።

ጠዋት ስነሳ ግቢዬ ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። አንዱ ለልጁ ሥራ፣ አንዱ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ደግሞ እንዲያው ፊቴን ለማየት። ከላይ ስልክ ይደወላል፤ ሪፖርቱ የታለ ይባላል። ግምገማ ሲመጣ ደግሞ እንደ ተላጠ ሸንኮራ መሀል ላይ መቆም ነው። ግፊቴ ወጥቷል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቻለሁ።

አንድ ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። አንድ የውጭ ድርጅት ሕመምተኛ የምታመላልስ ባለሞተር ጀልባ ሰጥቶናል። ክረምት መንገዱን ሲቆርጠው የወንዙ ዳር መንደሮች ሌላ መውጫ እንደሌላቸው አንቺው ታውቂያለሽ። ችግሩ ጀልባዋ አንድ መሆኗ ነው። ከከተማው ሽቅብ ያሉት አኙዋዎች «ለእኛ» ይላሉ፤ ቁልቁል ያሉት ኑዌሮች «ለእኛ» ይላሉ። ለአንዱ ብሰጥ ሌላው ይነሳብኛል። ስለዚህ ጥናት ይጠና ብያለሁ፤ እስከዚያው በሸራ ተሸፍና ወንዙ ዳር በሰንሰለት ታስራለች።

የምትሠሪበት ሆስፒታል የእንቅልፍ ኪኒን አይጠፋምና ጥቂት ላኪልኝ። ሰሞኑን የማድረው እማዬ ቤት ነው። እዚያ ጸጥ ይላል።

ታናሽሽ አብኔር ኦቻላ
የቢሮ ኃላፊ

ናይሮቢ፣ ግንቦት 19 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብኔርዬ

ደብዳቤህን ከማዋለጃ ክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እግዚአብሔር ወንበርህን በሰላም ያምጣልህ፤ ከመጣ በኋላ ደግሞ ላዩ ላይ ከመጣበቅ ይሰውርህ። አሜን በል።

የእንቅልፍ ኪኒን አልልክም። የግፊቱን ልኬልሃለሁ፤ እሱንም እማዬ ለክታህ «ውሰድ» ስትል ብቻ ነው። ጨው ቀንስ። ለነገሩ እማዬ ጨውና ስኳር ቶሎ እያለቀባት እንደሆነ ጽፋልኛለች፤ ባለሥልጣን ማሳደር ቀላል አይደለም መሰለኝ።

የጭንቀት ነገር ካነሳህ ስለ እኛ ሜትሮን፣ ስለ ነርሶቹ አለቃ ላውራህ። አምና ፈረቃ በዝቶብን ሁላችንም ስንነሳባት፣ ሴትዮዋ ወንበሯን ከቢሮዋ አስወጥታ ኮሪደሩ መሀል አስቀመጠችና ተቀመጠች። የተናደደ ሁሉ እየመጣ ፊት ለፊት ነገራት። እኔም ነገርኳት። ላቧ በጆሮዋ ሥር ይወርድ ነበር፤ ግን አልተነሳችም። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከሁሉም በላይ ስትጮህባት የዋለችው የጽዳት ሠራተኛ ሻይ አምጥታ ሰጠቻት። ፈረቃው ወዲያው አልተስተካከለም። እኛ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማንን እንደምንጠይቅ አወቅን።

ስለ ጀልባዋ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ላዮችንና ታችኞችን አንድ ላይ አስቀምጠህ ጠይቀሃቸዋል? ወይስ «እንዲህ ይላሉ» የሚልህ ሌላ ሰው ነው?

እማዬ ቤት ማደሩስ ምን አመጣው? ቤት አለህ፤ ማንጎም አለህ።

እህትህ ሊድያ

ጋምቤላ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሊድያ

ሰላምታዬ ከዝናቡ ጋር ይድረስሽ፤ እዚህ የሚደርስ ነገር ዝናብ ብቻ ነው። መንገዱ ተቆርጧል።

የሜትሮንሽን ታሪክ አነበብኩት። ሜትሮን መሆን ጥሩ ነው፤ ሠራተኞቿ የተቆጠሩ ናቸው። የእኔ ጠያቂ ግን አይቆጠርም። ሊድያ፣ ሕዝብ አይጠግብም። ውኃ ብታቀርቢለት «ብርጭቆው ቆሽሿል» ይልሻል። አስተማሪ ሳለሁ መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኝ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ስሜን ገበያ ላይ ያኝኩታል። እኔም ሰው ነኝ የሚለውን ማን ይስማኝ?

ደግነቱ ዘዴ አግኝቻለሁ። ጠዋት ሾፌሩ ባዶ መኪናዬን ይዞ ከቢሮው በኢታንግ መንገድ ይወጣል። ሰው «ኃላፊው ወጡ» ብሎ ይበተናል። እኔ በጓሮ በኩል ወደ እማዬ ቤት እመለሳለሁ፤ ፋይሎቹም እዚያው ይመጡልኛል። ጸሐፊዬ ሀያቱ «ስብሰባ ላይ ናቸው» በማለት ተክናለች። ባለፈው እኔው ራሴ ብደውልላት ድምፄን ሳትለይ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ዘጋችብኝ። ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ስለ ጀልባዋ ጠይቀሽ ነበር። ከላይ አጅዋንግ የሚባሉ አሮጊት፣ ከታች ቱት የሚባሉ ሽማግሌ ደጋግመው ይመጣሉ። አሁን አሁን ደግሞ አብረው መምጣት ጀምረዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡማ ቢሮዬ ውስጥ ሊጣሉብኝ እንደሆነ ስለገባኝ አላስገባኋቸውም።

ኪኒኑ ቢቀር ጥቁር መነጽር ላኪልኝ፤ ሰፊውን። መሪዎች ጫናን እንዴት እንደሚችሉት የሚያስተምር መጽሐፍ ካገኘሽም እንዳትረሺኝ።

አብኔር ኦቻላ
የቢሮ ኃላፊ

ናይሮቢ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለአብኔር

እግዚአብሔር ከዝናቡም ከራስህም ይጠብቅህ።

መነጽሩን ገዝቻለሁ፤ አልላኩትም። እጄ ላይ ነው፤ እያየሁት ነው፤ ማን እንዳያይህ ነው እያልኩ።

የሚጣሉ ሰዎች አብረው መንገድ ይሄዳሉ እንዴ? ያንን ሁሉ ጭቃ?

ሌላም ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። አባዬ ከመሞቱ በፊት የነገረንን ረሳኸው? የአኙዋ መንደር አለቃ፣ ኳሮው፣ ደጁ አይዘጋም። ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ እሱ ደግሞ ትምባሆውንም ቦርዴውንም ያቀርባል፤ ብቻውን አይበላም። የነፈገና የተደበቀ ለት መንደሩ ከበሮ ይመታበታል። ከበሮ የተመታበት ኳሮ ታዲያ የት ይሄዳል? ወደ እናቱ ወንድሞች። እዚያ አይነካም፤ እዚያ ከገባ ግን አለቅነቱ አበቃ ማለት ነው።

አብረን አደግን እንጂ፣ አባዬ የወለደችህ እናትህ ወንድም ነበር። የምታድረው ማን ቤት ነው አብኔር? አንተ ስለ ጸጥታው ብለህ ነው። የሚያይህ ሰው ግን ምን ብሎ ያነበው ይሆን?

ወደ ቤትህ ተመለስ። ማንጎህ ሥር ተቀመጥ።

ሊድያ

ጋምቤላ፣ መስከረም 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሊድያ

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልሽ። ለመልሱ ዘገየሁ፤ ውጥረት ነው።

የኳሮውን ነገር አነበብኩት። እኔ ኳሮ አይደለሁም። በደብዳቤ የተሾምኩ፣ በደብዳቤ የምነሳ ሰው ነኝ። ጊዜው የከበሮ አይደለም። አንቺ ናይሮቢ ሆነሽ የአያቶቻችንን ተረት ታስታውሻለሽ፤ እኔ እዚህ ሆኜ የሩብ ዓመት ሪፖርት አስታውሳለሁ።

በነሐሴ ወር አንድ የማይቀር ነገር ደርሶ ሰው እያጋነነ ያወራዋል። ወሬው ቢደርስሽ እንዳታምኚው። ክረምት ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።

እማዬ ሰሞኑን አታናግረኝም። ፍልሰታን ጾማ የደከማት መስሎኝ ነበር፤ ጾሙ ከተፈታ ግን ቆየ። ምግቤን ታቀርብልኛለች፤ ሳህኑን አስቀምጣ ትወጣለች።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ናይሮቢ ውስጥ ለመሪዎች የሚሰጥ አጭር ሥልጠና አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጭንቀትን ስለ መቋቋም። የጥሪ ደብዳቤ አፈላልጊልኝ። አንድ ወር እንኳን ከዚህ ብወጣ ነፍስ እዘራለሁ።

አብኔር ኦቻላ
የቢሮ ኃላፊ

ናይሮቢ፣ መስከረም 30 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አብኔር ኦቻላ
የቢሮ ኃላፊ
ጋምቤላ

ከሰላምታ በፊት አንድ ስም ላስቀድም። ኛኮንግ።

በደብዳቤህ ውስጥ ፈለግኳት፤ የለችም። «የማይቀር ነገር» የሚል አገኘሁ። እማዬ ግን ጽፋልኛለች። ብዙ አልጻፈችም።

ኛኮንግ ከታችኞቹ መንደር ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ምጡ እንቢ ሲላት ባሏና ወንድሞቿ በግንድ ታንኳ አስተኝተው፣ የነሐሴን ባሮ ሽቅብ በእንጨት እየገፉ ሲታገሉ ዋሉ። ከተማው ሲደርሱ ታንኳቸውን የት አሰሩት መሰለህ? ከነጯ ጀልባህ አጠገብ። ሸራውን እያዩ ወረዱ። ባሏ ሮጦ ሲስተር የትናየትን ሊጠራ መጣና በሯን አንኳኳ።

አንተ ጓዳ ነበርክ። ለእማዬ ምን አልካት? «አትክፈቺ፣ እኔን ፈልገው ነው።»

ሰው በር ሲያንኳኳ አንተን ብቻ የሚፈልግ ይመስልሃል። ሹመት ያደረገህ ይሄንን ነው። ሰው ይታመማል፣ ሰው ያምጣል፣ ሰው ይሞታል፤ አንተ ጓዳ ሆነህ ኮቴ ታዳምጣለህ። እማዬ ልትከፍት ስትሄድ እጇን ይዘሃታል። ጎትታ ከፈተች። ልጅቱን አተረፈች። እናቲቱን አላተረፈችም። ያ የያዝካት ጊዜ ያድናት ነበር ወይ ብዬ እማዬን አልጠየቅኳትም፤ አንተም እንዳትጠይቃት። ጀልባዋ ግን ታድናት ነበር። ይሄን እኔ አዋላጇ ነኝ የምልህ።

ከሚያዝያ ጀምሮ የምትጽፍልኝ ስለ ጭንቀትህ ነው። ግፊትህን አውቃለሁ፤ እንቅልፍህን አውቃለሁ፤ የሾፌርህን መንገድ ሁሉ አውቃለሁ። የኛኮንግ ባል ታንኳ ሲገፋ ግፊቱ ስንት ነበር? ማን ለካለት? እሱ እረፍት አምሮት የጥሪ ደብዳቤ የሚጠይቀው ማንን ነው?

ጫና በዛብኝ ትላለህ። ይብዛ። ሲሾሙህ እኮ የሰጡህ ወንበሩን ብቻ አልነበረም። እኔ በየቀኑ በጫና ውስጥ ያሉ ሴቶችን አያለሁ፤ አንዳቸውም ጓዳ ገብተው ሲደበቁ አላየሁም። የሚገቡበት ጓዳ የለማ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ የእማዬ አገር ሰዎች። በአባዬ አገር ግን ሲሾም ያላበላ ነው የሚሻረው። አንተ ከሁለቱም አልሆንክም። አልበላህም፤ ይሄንን እመሰክርልሃለሁ። አላበላህምም። ዝም ብለህ በሸራ ሸፈንከው።

የጥሪ ደብዳቤ የለም። መነጽርም የለም።

ሊድያ ኦጁሉ

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሊድያ

በምን ሰላምታ እንደምጀምር ጠፋኝ። እግዚአብሔር ደግ ያሰማሽ። እኔ የማሰማሽን እንግዲህ ስሚ።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እማዬ ግቢ ሰው ሞላ። በመስኮት አየሁ፤ አጅዋንግ ከፊት፣ ቱት ከኋላቸው፣ ከሁለቱም ወገን ሌሎችም። ከበሮ ፈለግኩ፤ ከበሮ የለም። በጓሮ ልወጣ ስል በሩ ተቆልፏል። ዞር ስል እማዬ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ ቆማለች። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

«ውጣና ተቀመጥ» አለችኝ። «ስብሰባው ዛሬ እዚህ ነው።»

ወጣሁ። ደረቅ ዓሣና ትምባሆ ይዘው መጥተዋል። ያስቀመጡት ግን እማዬ ፊት እንጂ እኔ ፊት አይደለም።

«ሲስተር» አሏት አጅዋንግ፣ «ሰውዬውን ስለተቀበልሽልን እናመሰግናለን። ባልሽ የእናቱ ወንድም ነው። የእናቱ ወገን ባይቀበለው የት ይወድቅ ነበር?»

ቱት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ነገር እኛ ኑዌር ጋ የለም። አጅዋንግ ናት የነገረችኝ። ጥሩ ነው። ሰው አይመታም፣ ሰው አይሰደብም። ሄደ፣ አለቀ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አልወረድኩም» አልኳቸው። «ማን አወረደኝ?»

«እኛ ከበሮ መታን?» አሉኝ አጅዋንግ። «አልመታንም። ምቱ ያለን ብዙ ነበር፤ ይቆይ አልን። አንተ ራስህ ተነስተህ ወደ እናትህ ወገን ገባህ። የገዛ እግርህ አወረደህ፤ እኛ ምን አደረግን?»

«ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

«ሰንሰለቱ ቁልፍ አለው አይደል» አሉ ቱት፣ ዘንባባ መስለው ከሁሉም በላይ እንደቆሙ። «እሱን ስጠን።»

ሊድያ፣ ይሄኔ እንኳን መምህርነቴ አልለቀቀኝም። «ለማን ልስጥ? ጀልባዋ አንድ ናት፤ እናንተ ሁለት ወገን ናችሁ፤ ልትጣሉ ነው» እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ትዕግሥታቸው ነው የገደለኝ።

«እኛ ከተስማማን ቆየን» አሉኝ ቱት። «ጨረቃ ስታድግ ለነሱ። ጨረቃ ስትጎድል ለኛ። ሴት ምጥ ከያዛት ጨረቃ አንቆጥርም፤ ማንም ይወስዳታል። ይሄን ልንነግርህ እየመጣን ያቺ ልጅ ‹ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ስብሰባ ላይ ናቸው› ትለናለች።»

አጅዋንግ አይተው አይተው ጠየቁኝ። ቁጣ የለበትም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። «ስብሰባው ስለ ምን ነበር?»

ቁልፉን ሰጠኋቸው።

ከኋላ አንድ ወጣት ቆሞ ነበር። ሲወጡ ለእማዬ እጅ ነሳ። እኔን አልሰደበኝም፣ አላየኝምም፤ እንደ ግድግዳ አለፈኝ። የኛኮንግ ባል እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት።

ወንዙ ዳር አብሬ ወረድኩ፤ ና ያለኝ የለም። ሸራው ሲገፈፍ የአይጥ ጎጆና የዝናብ ውኃ ወጣ። ሆት የሚባል የታችኞቹ ልጅ የሞተሩን ገመድ ቢስበው፣ ቢስበው፣ አልተነሳም። ሞተሩን በእሳት የሚያስነሳው ካንዴላ ዝጎ ተበልቷል አለን። ከተማውን አዳረስኩት፤ ለእንዲህ ዓይነት ሞተር የሚሆን የለም። አሁን በመቅዘፊያ ነው የሚወስዷት።

ከላይ ያሉት ገና አላወረዱኝም፤ ግምገማው ለኅዳር ነው። ከታች ያሉት ግን ጨርሰዋል። ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ቢሮ እገባለሁ፣ እፈርማለሁ። ማንጎዬ ሥር ግን የሚቀመጥ ሰው የለም። አንድም። ጠዋት ወጥቼ አያለሁ፤ ቅጠል ብቻ ነው። ይሄው የለመንኩት ጸጥታ። እንቅልፉ ግን አብሮት አልመጣም።

አሮጌውን ካንዴላ በጨርቅ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። እንደሱ ያለ ፈልጊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አብኔር

ናይሮቢ፣ ኅዳር 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለአብኔር

ማዕረግህን ትተህ የጻፍከው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው፤ እኔም እንደዚያው ጻፍኩ። እግዚአብሔር ልብህን ይያዝልህ።

ካንዴላውን አገኘሁት። የሚቀጥለው ሲበላ ደግሞ እንዳይለመን ብዬ መጠባበቂያም ጨምሬያለሁ። ለሆት በእጁ ስጠው። ለጥናት እንዳታስቀምጠው።

ንዴቴ በርዷል ብዬ አልዋሽህም። አልበረደም። እዚህ አንዲት እናት በሰላም ተገላግላ ስትስቅ ባየሁ ቁጥር ይነሳብኛል። ከግምገማው ብታልፍ እንኳን እንዳትረሳው የምፈልገው ነገር ይሄ ነው፦ ሕዝቡ አላሳደደህም። መፍትሔውን ተሸክሞ ጭቃ ለጭቃ ሲከተልህ ነበር፤ አንተ የሸሸኸው ከእሱ ነው።

ሞተሩ ሲነሳ ሪባን እንዳይቆረጥ። ስምህ ጀልባዋ ላይ እንዳይጻፍ። መነጽሩንም አብሬ ልኬዋለሁ፤ እሱም ለሆት ነው። ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ የሚውል ሰው ፀሐይዋ ትወጋዋለች። አንተ ዓይንህን ገልጠህ ሂድ።

አዎ፣ ትሄዳለህ። የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ታች ነው። የኛኮንግ ልጅ አያቷ ዘንድ ናት፤ ክትባቷን አልጀመረችም ብላ እማዬ ጽፋልኛለች። አባቷን አስፈቅድ። እንቢ ካለህ ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ አንተን ስንቱ ጠብቆሃል። ከፈቀደልህ ልጅቱን ታቅፈህ አምጣት። የሞተሩ ድምፅ ያስደነግጣታል፤ ታለቅሳለች፤ መንገዱን ሁሉ ልታለቅስ ትችላለች። አባብላት። ለእሷ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚላት የለም።

ሊድያ